የዩኒክስ መሣሪያዎች በአሮጌ የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች ላይ፤ የብልሽታቸው ታሪካዊ ሥር

«ነገሩን ከሥሩ፣ ውሃውን ከጥሩ» የሚለው የአበው ብሂል ለዳኛና ለሽማግሌ ብቻ ሳይሆን ለመሐንዲስም የተነገረ ምክር ነው። ሞተር የሚጠግን ሰው ጭሱን ብቻ እያየ የሚሠራ ከሆነ ዛሬ የጠገነው ነገ መልሶ ይበላሽበታል፤ ጭሱ ከየት እንደተነሣ የሚያውቅ ግን አንዲት ብሎን አጥብቆ ሥራውን ይጨርሳል። የኮምፒዩተር ጥገናም ከዚህ የተለየ አይደለም። ልዩነቱ በኮምፒዩተር ላይ የብልሽቱ ሥር ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዕቃው ውስጥ ሳይሆን በታሪኩ ውስጥ መሆኑ ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ ከሐዋሳ መሐል ከተማ በስተደቡብ በምትገኘው በቱላ፣ ሐዌላ ቱላ ተብሎ በሚጠራው ክፍለ ከተማ፣ አንድ ጽሕፈት ቤት ያለው ኮምፒዩተር ዊንዶውስ ኤክስፒ የተጫነበት አሮጌ ዕቃ ነው ተብሎ ይታሰብ። በውስጡ የአንድ ሺህ ሰዎች ስም በፊደል ተራ ተደርድሮ ተቀምጧል። ባለሙያው ተደጋግመው የተጻፉትን ስሞች እንዲያወጣ ታዝዞ፣ ከዩኒክስ ዓለም የመጡትን ነፃ መሣሪያዎች ይጭናል፤ «ዩኒክ» የተባለውንም ትእዛዝ ይሰጣል። መሣሪያው አንዳችም ቅሬታ ሳያሰማ ሥራውን ይፈጽማል። ውጤቱ ሲከፈት ግን «ሀሊማ» የሚለው ስም መሐሉ ላይ ተሰብሯል፤ አንዳንዱ መስመር የቻይና ጽሕፈት በሚመስሉ ምልክቶች ተሞልቷል፤ ከሁሉም የከፋው ደግሞ፣ ዝርዝሩ «ሙሉጌታ» ከሚለው ስም አልፎ «ሚካኤል» ዘንድ ሲደርስ ቁርጥ ብሎ ቀርቷል። ከ«ሚካኤል» እስከ «ፍቅርተ» ያሉት ሰዎች ሁሉ የሉም።

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም የተለመደው ፍርድ «ኮምፒዩተሩ አርጅቷል፤ ይጣል» የሚል ነው። ፍርዱ ግን ከማስረጃ በፊት የተሰጠ ነው። በዚህ ምሳሌ የተበላሸ ዕቃ የለም። ያለው፣ በተለያየ ዘመንና በተለያየ ሥፍራ፣ እያንዳንዱም በጊዜው ትክክል የነበረ፣ አያሌ ውሳኔ በአንድ ጠረጴዛ ላይ መገናኘቱ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የእነዚያን ውሳኔዎች ታሪክ ተከትሎ ወደ ቱላው ዝርዝር መመለስ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. የመሣሪያዎቹ ትውልድ

ዩኒክስ የተጠነሰሰው በ1969 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪዎች ሲሆን ዋነኞቹ አባቶቹ ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ ነበሩ። መጀመሪያ የተሠራው ፒዲፒ-7 በተባለ አነስተኛ ኮምፒዩተር ላይ ነበር፤ ከዚያ ወደ ፒዲፒ-11 ተሸጋገረ፤ በ1973ም ሪቺ ባዘጋጀው ሲ በተባለው ቋንቋ እንደገና ተጻፈ። የዚያ ዘመን ኮምፒዩተር የማስታወስ አቅሙ እጅግ ጠባብ ስለነበረ አንድ ትልቅ ፕሮግራም ሁሉንም ሥራ ይሥራ ማለት የሚቻል አልነበረም። ስለሆነም ሠሪዎቹ እያንዳንዱ መሣሪያ አንድ ሥራ ብቻ እንዲያከናውን፣ ያንንም በሚገባ እንዲያከናውን ወሰኑ። ዳግላስ ማክሊሮይ ያቀረበው የ«ቧንቧ» አሳብ በ1973 ሥራ ላይ በዋለ ጊዜ የአንዱ መሣሪያ ውጤት ለሌላው ግብዓት ሆኖ ይፈስ ጀመር። ጽሑፍ ፈላጊው «ግሬፕ»፣ ጽሑፍ አራሚው «ሴድ»፣ ደርዳሪው «ሶርት»፣ በ1977 ደግሞ ኤሆ፣ ዋይንበርገርና ከርኒሃን የሠሩት «ኦክ» የዚህ ቤተሰብ ልጆች ናቸው።

እነዚህ መሣሪያዎች የተሠሩት አራት ነገሮችን እንደ እውነት ተቀብለው ነው። አንደኛ፣ ፋይል ማለት የባይቶች ተራ ብቻ ነው፤ ማለቂያውም የሚታወቀው በርዝመቱ ነው። ሁለተኛ፣ የመስመር ማብቂያ ምልክት አንድ ባይት ብቻ ነው፤ ቁጥሩም 10 ነው። ሦስተኛ፣ ትእዛዝ ተቀባዩ «ሼል» እንደ ኮከብ ያሉትን ምልክቶች ራሱ ፈትቶ፣ የጥቅስ ምልክቶችንም ራሱ ተርጉሞ የተዘጋጀ ትእዛዝ ለመሣሪያው ያቀርብለታል። አራተኛ፣ አዲስ ሥራ የሚጀመረው «ፎርክ» በተባለው መንገድ፣ ማለትም በሥራ ላይ ያለው ፕሮግራም ራሱን አባዝቶ መንትያ በመውለድ ነው። ከእነዚህ ከአራቱ አንዱም እንኳ በዊንዶውስ ምድር ሳይለወጥ አልተገኘም።

፪. የዊንዶውስ የዘር ሐረግ

ዊንዶውስ ከሌላ ዘር የተወለደ ነው። የሩቅ አያቱ ጋሪ ኪልዳል በ1974 የሠራው ሲፒኤም የተባለው ሥርዓት ነው። ሲፒኤም የፋይልን ርዝመት የሚመዘግበው በባይት ሳይሆን 128 ባይት በሚይዝ ጥቅል ነበር። ስለዚህ ጽሑፉ በመጨረሻው ጥቅል መሐል ላይ ቢያልቅ ማብቂያው የት እንደሆነ የሚያመለክት ነገር አስፈለገ፤ ለዚህም ቁጥሩ 26 የሆነው ባይት ተመረጠ። አንባቢው ፕሮግራም 26ን ባየ ጊዜ «ጽሑፉ እዚህ አለቀ» ብሎ ይቆማል።

መስመር የሚዘጋበትም ምልክት ከቴሌታይፕ የተወረሰ ነው። ቴሌታይፑ አዲስ መስመር ለመጀመር ሁለት እንቅስቃሴ ያደርግ ነበር፤ ቁጥር 13 የጽሕፈቱን ራስ ወደ ገጹ ጠርዝ ሲመልሰው ቁጥር 10 ወረቀቱን አንድ መስመር ይስበዋል። ዩኒክስ ይህን የመሣሪያ ጣጣ በሥርዓቱ ውስጥ ደብቆ 10ን ብቻ ሲያስቀር፣ ሲፒኤም ሁለቱንም ባሉበት ያዘ።

ቲም ፓተርሰን በ1980 የሠራው ሥርዓት በማይክሮሶፍት ተገዝቶ በ1981 ከአይቢኤም የግል ኮምፒዩተር ጋር ፒሲ-ዶስ ተብሎ ሲወጣ የሲፒኤምን ልማድ በብዛት ይዞ ነበር። የመጀመሪያው ዶስ የፋይል ማኅደሮች አልነበሩትም፤ ወደ ፊት ያዘመመውም ጭረት የትእዛዝ አማራጮችን ለመለየት ያገለግል ነበር። በ1983 ሁለተኛው ዶስ ማኅደሮችን ይዞ ሲመጣ ይህ ጭረት አስቀድሞ ሥራ ስለያዘ የማኅደሮች መለያ ወደ ኋላ ያዘመመው ጭረት ሆነ። በዩኒክስ ሼል ደግሞ ይኸው ወደ ኋላ ያዘመመ ጭረት «ቀጣዩን ምልክት እንዳለ ውሰደው» የሚል ትርጉም አለው። ስለዚህ የዊንዶውስ የፋይል አድራሻ ለዩኒክስ ሼል ያለ ጥቅስ ሲሰጥ ጭረቶቹ ይዋጡና «ፋይሉ የለም» የሚል መልስ ይመጣል። ፋይሉ ግን አለ፤ የጠፋው አድራሻው ነው።

በዶስ የአንድ ትእዛዝ ርዝመት ከ127 ፊደላት አይበልጥም ነበር፤ በዊንዶውስ ኤክስፒ ይህ ወሰን 8191 ደረሰ። ከዊንዶውስ 95 ጀምሮ የፋይል ስሞች ባዶ ቦታ እንዲይዙ ተፈቀደ፤ ኤክስፒም የተጠቃሚውን ሰነዶች «ዶክዩመንትስ ኤንድ ሴቲንግስ» በተባለ፣ ሁለት ባዶ ቦታ ባለው ማኅደር ሥር አኖረ። ባዶ ቦታን የቃላት መለያ አድርጎ የሚያውቀው የዩኒክስ መሣሪያ ይህን አንድ አድራሻ ሦስት ቦታ ይከፍለዋል።

፫. መሣሪያዎቹ የተሻገሩበት መንገድ

በሁለቱ ዘሮች መካከል ድልድይ ለመሥራት የተጀመረው ጥረት ከግል ኮምፒዩተሩ ጋር እኩል ዕድሜ አለው ለማለት ይቻላል። በ1980ዎቹ አጋማሽ በካናዳ የሚገኘው ሞርቲስ ከርን ሲስተምስ የዩኒክስን መሣሪያዎች ለዶስ አቀረበ። በ1989 ዲጄ ዴሎሪ የግኑን የሲ አጠናቃሪ ወደ ዶስ የማሸጋገር ሥራ ጀመረ። በ1995 ደግሞ ሲግነስ በተባለው ኩባንያ ስቲቭ ቻምበርሌይን ሲግዊን የተባለውን ሥራ ጀመረ።

ከዚህ በኋላ ሁለት የተለያዩ መንገዶች ተገኙ። የመጀመሪያው የሲግዊን መንገድ ነው፤ ይኸውም በአንድ የጋራ ፋይል አማካይነት በዊንዶውስ ውስጥ ትንሽ የዩኒክስ ዓለም መፍጠር ነው። ሁለተኛው፣ ግኑዊን32 እና መሰሎቹ የተከተሉት፣ እያንዳንዱን መሣሪያ የዊንዶውስን ልማድ አስለምዶ ለብቻው ማቅረብ ነው። የመጀመሪያው ለዩኒክስ ታማኝ ሲሆን ክብደት አለው፤ ሁለተኛው ቀላል ነው፤ ነገር ግን የዶስን ልማድ ሁሉ፣ 26ን ጨምሮ፣ ይወርሳል።

የሁለቱም ሕመም ከመንገዳቸው የመጣ ነው። ዊንዶውስ ፎርክን ስለማያውቅ ሲግዊን መንትያውን የሚፈጥረው አዲስ ፕሮግራም አስነሥቶ የወላጁን ማስታወሻ በመገልበጥ ነው። ይህ እንዲሳካ የጋራ ፋይሎቹ በመንትያው ውስጥ በወላጁ ውስጥ በያዙት አድራሻ ላይ መቀመጥ አለባቸው። የቫይረስ መከላከያ ወይም ሌላ ፕሮግራም ያንን ቦታ ቀድሞ ከያዘ መንትያው ገና ሳይወለድ ይሞታል። መድኃኒቱም መላውን ኮምፒዩተር መደምሰስ ሳይሆን «ሪቤዝኦል» በተባለው ትእዛዝ አድራሻዎቹን እንደገና ማደላደል ነው። እንዲሁም የተለያዩ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የሲግዊን የጋራ ፋይል ይዘው ቢመጡ ቅጂዎቹ እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ፤ በአንድ ቤት አንድ ቅጂ ብቻ መኖር ይገባዋል።

ዘመንም የራሱን በር ይዘጋል። በ2009 መጨረሻ የወጣው ሲግዊን 1.7 ዊንዶውስ 95ን፣ 98ንና ሚሌኒየምን ተወ፤ በ2016 የወጣው 2.5.2 ኤክስፒን ያስተናገደ የመጨረሻው ሆነ፤ በ2024 የወጣው 3.5 ደግሞ ዊንዶውስ 7ንና 8ን አሰናበተ። ማይክሮሶፍት በ2016 ለዊንዶውስ 10 ያቀረበው የሊኑክስ ክፍልም ለአሮጌዎቹ አልደረሰም። አዲስ የተጠናቀረ መሣሪያ በኤክስፒ ላይ ሲነሣ «ትክክለኛ የዊን32 ፕሮግራም አይደለም» ወይም «በከርነል32 ውስጥ የተፈለገው መግቢያ አልተገኘም» የሚል መልእክት የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። መልእክቱ «ኮምፒዩተሩ ታሟል» ማለት ሳይሆን «መሣሪያው ከዘመንህ በኋላ የተሠራ ነው» ማለት ነው፤ መፍትሔውም ዘመኑን የሚመጥን ቅጂ መፈለግ ነው።

፬. የኢትዮጵያ ፊደል በኮምፒዩተር

እስከዚህ የተባለው ለየትኛውም ሀገር ባለሙያ የሚሠራ ነው። የኢትዮጵያ ባለሙያ ግን ተጨማሪ ሸክም አለበት፤ እርሱም ፊደሉ ነው። በ1963 የወጣው የአሜሪካ መደበኛ የፊደል ሰንጠረዥ ከ128 ቦታ በላይ አልነበረውም፤ የግዕዝ ፊደል ግን ከሁለት መቶ በላይ ነው። በ1980ዎቹ ፍስሐ አጥላው በዳሽን ኢንጂነሪንግ፣ ዶክተር አበራ ሞላ በሞድኢት፣ ከዚያም በሀገር ውስጥ የኢትዮጵያ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን በአጋፋሪ፣ ሌሎችም እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ባሉ ሥራዎች ይህን ችግር በየበኩላቸው ለመፍታት ደከሙ። የብዙዎቹ ብልኃት የላቲኑን ፊደል ቦታ ለግዕዙ ማከራየት ነበር። ውጤቱ ለዓይን አማርኛ ነው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድብልቅ ነው። ግሬፕ በእንዲህ ያለ ፋይል ውስጥ አማርኛ ፈልጎ የማያገኘው ፋይሉ በእርግጥ አማርኛ ስለሌለበት ነው።

በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ያዘጋጁት ሴራ የተባለው ሥርዓት በተቃራኒው መንገድ ሄደ፤ አማርኛውን በግልጽ በላቲን ፊደል ወክሎ በመጻፍ የዩኒክስ መሣሪያዎች ያለ ችግር እንዲያነቡት አደረገ። ይህም ቢሆን ጥንቃቄ ይሻል። በሴራ ትንሹ የላቲን «ቲ» ተን፣ ትልቁ «ቲ» ጠን ስለሚወክሉ፣ ትልቅና ትንሽ ፊደልን ሳይለዩ መፈለግ ሁለቱን ያደባልቃል።

ዘላቂው መፍትሔ የተገኘው በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ለኢትዮጵያ ፊደል 345 ምልክቶችን በመደበኛነት ሲመዘግብ ነው። እነዚህን ቁጥሮች በፋይል ውስጥ ለማስቀመጥ ግን ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። አንደኛው ዩቲኤፍ-16 ለእያንዳንዱ ፊደል ሁለት ባይት ይሰጣል። ሁለተኛው ዩቲኤፍ-8 በ1992 በኬን ቶምሰንና በሮብ ፓይክ የተቀየሰ ሲሆን ለአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይሰጣል። ይኸው ቶምሰን ዩኒክስን የጀመረው ቶምሰን ነው፤ ስለዚህም ዩቲኤፍ-8 የዩኒክስን ልማድ በሚገባ ያከብራል። ከ128 በታች ያሉት ቁጥሮች በግዕዝ ፊደል ውስጥ በጭራሽ አይታዩም፤ በባይት ተራ መደርደርም ፊደሉን በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ቅደም ተከተል ያስቀምጠዋል። የዊንዶውስ ኖትፓድ ግን «ዩኒኮድ» ብሎ ሲጽፍ የኖረው ዩቲኤፍ-16ን ነበር፤ «አንሲ» በሚለው ምርጫ የተቀመጠ አማርኛ ደግሞ ለግዕዝ የተመደበ የኮድ ገጽ ስላልነበረ እያንዳንዱ ፊደል የጥያቄ ምልክት ይሆናል፤ ይህም በምንም ዘዴ አይመለስም።

፭. ወደ ቱላው ዝርዝር መመለስ

አሁን የቱላው ምሥጢር ራሱን ይፈታል። ዝርዝሩ በኖትፓድ «ዩኒኮድ» ተብሎ፣ ማለትም በዩቲኤፍ-16 ተቀምጧል። በዚህ አጻጻፍ «ሊ» የሚለው ፊደል 10 እና 18 በሚሉ ሁለት ባይቶች ይወከላል። መሣሪያው 10ን ባየ ጊዜ የመስመር ማብቂያ ነው ብሎ ስለሚያምን «ሀሊማ» መሐሏ ላይ ተሰበረች። መሣሪያው ውጤቱን ሲጽፍም የዊንዶውስን ልማድ ተከትሎ ከእያንዳንዱ 10 በፊት 13ን አስገባ፤ ሁለት ሁለት ሆነው ይነበቡ የነበሩት ባይቶች በአንድ ተንሸራተቱ፤ የቻይና ጽሕፈት የሚመስለውም ከዚህ መጣ። «ሚ» ደግሞ 26 እና 18 ነው። ኪልዳል በ1974 ለ128 ባይት ጥቅል ማብቂያ ብሎ የያዘው ምልክት፣ ያ ጥቅል ከተረሳ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ «ሚካኤል» ከሚለው ስም ፊት ቆሞ «ጽሑፉ እዚህ አለቀ» አለ። መሣሪያውም ታዘዘ። ቅሬታ ያላሰማው ስህተት መኖሩን ስላላወቀ ነው።

ይህን ያወቀ ባለሙያ ፋይሉን አስቀድሞ «አይኮንቭ» በተባለው መሣሪያ ወደ ዩቲኤፍ-8 ቀይሮ ያንኑ ትእዛዝ በዚያው አሮጌ ኮምፒዩተር ቢሰጥ ሁሉም ስም በቦታው ይገኛል።

ዩቲኤፍ-8 ግን ከጥንቃቄ ነፃ አያወጣም። «ሠ»ን ሁሉ «ሰ» ለማድረግ የፈለገ ሰው ፊደል ለዋጩን «ቲአር» ቢጠቀም ትልቅ ጥፋት ያደርሳል። ቲአር የሚያውቀው ፊደልን ሳይሆን ባይትን ነው። «ሠ» 225፣ 136፣ 160 ሲሆን «ሰ» 225፣ 136፣ 176 ነው፤ ቲአር ከዚህ የሚማረው «160ን በ176 ለውጥ» የሚለውን ብቻ ነው። ነገር ግን «በ» 225፣ 137፣ 160 ነው፤ «አ»ም 225፣ 138፣ 160 ነው። ስለዚህ «በ» ሁሉ «ተ» ይሆናል፤ «አ» ሁሉ «ኰ» ይሆናል፤ «አበበ» የተባለው ሰው «ኰተተ» ተብሎ ይመዘገባል። ይኸው ሥራ በሴድ ቢሠራ ግን ሦስቱን ባይት በአንድነት ስለሚፈልግ ምንም አይደርስም።

የከተማዪቱ ስም ራሱ ሌላ ትምህርት ይዟል። በአሮጌ ሰነዶች «አዋሳ»፣ በአዲሶቹ «ሐዋሳ» ወይም «ሀዋሳ» ተብሎ ይጻፋል። ለአንባቢ አንድ ከተማ ነው፤ ለግሬፕ ሦስት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። በ1976 የአዋሳ እርሻ ኮሌጅ ተብሎ የተቋቋመው ተቋም በ2000 የደቡብ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኖ፣ በኋላም ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተብሏል፤ ሰነዶቹን የሚፈልግ ሰው ስሞቹን ሁሉ ለመሣሪያው መስጠት አለበት። እንደ ግኑዊን32 ባሉት መሣሪያዎች ላይ አማርኛውን በትእዛዝ መስመሩ ላይ ቢጽፈው ደግሞ መንገድ ላይ ወደ ጥያቄ ምልክት ስለሚለወጥ፣ የሚፈለጉትን ቃላት በዩቲኤፍ-8 ፋይል ላይ ጽፎ ግሬፕ ከዚያ እንዲያነብ ማዘዝ ይኖርበታል።

በቱላ የሚጻፈው አማርኛ ብቻ አይደለም። የሲዳማ ሕዝብ ቋንቋ ሲዳሙ አፎ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ ፊደሉ በአሮጌው ሰንጠረዥ ውስጥ ስላለ አማርኛውን የሚያሰብሩት መሣሪያዎች ብዙውን ጊዜ ሳይነኩት ያልፋሉ። ፈተናው በጉሮሮ ለሚነገረው ድምፅ በሚያገለግለው ነጠላ ጭረት ላይ ነው። ለዩኒክስ ሼል ይህ ጭረት ጥቅስ መክፈቻ ስለሆነ፣ አንድ የሲዳሙ አፎ ቃል ብቻውን ሲጻፍለት ጥቅሱ እስኪዘጋ ድረስ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ሠራተኛውም ኮምፒዩተሩ የደነዘዘ ይመስለዋል። በዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት ደግሞ ነጠላው ጭረት የጥቅስነት ትርጉም የለውም፤ ከዩኒክስ መጻሕፍት የተገለበጡ የኦክና የሴድ ትእዛዞች እዚያ የማይሠሩት በዚሁ ምክንያት ነው። በሁለቱም ዘንድ መፍትሔው ድርብ ጥቅስ ነው። የጽሕፈት ፕሮግራሞች ቀጥ ያለውን ጭረት በጎበጠው ሲተኩት ደግሞ አንዱ ቃል ሁለት መልክ ይኖረዋል፤ ፍለጋውም ግማሹን ያመልጣል።

፮. የምርመራ ሥርዓት

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው የምርመራ ሥርዓት አጭር ነው። አስቀድሞ ዋናው ፋይል ሳይነካ ቅጂ ይዘጋጃል፤ ሥራው ሁሉ በቅጂው ላይ ይሆናል።

ቀጥሎ ትእዛዙን የመለሰው ማን እንደሆነ ይጣራል። ዊንዶውስ የራሱ «ፋይንድ»ና የራሱ «ሶርት» ስላለው፣ በፍለጋው መንገድ የሥርዓቱ ማኅደር ከቀደመ የሚመልሰው የዊንዶውሱ ነው፤ «የአማራጩ አጻጻፍ ትክክል አይደለም» ብሎ የሚቆጣው ፋይንድ የዩኒክሱ አይደለም። የመሣሪያውን ሙሉ አድራሻ መጻፍ ጥርጣሬውን ያስወግዳል።

ሦስተኛ፣ ፋይሉ ለዓይን ሳይሆን በባይት ይታያል። ለዚህ «ኦዲ» የተባለው መሣሪያ ይበቃል። ፋይሉ በ255 እና 254 ከጀመረ ዩቲኤፍ-16 ነው፤ በ239፣ 187 እና 191 ከጀመረ ኖትፓድ ምልክት ያከለበት ዩቲኤፍ-8 ነው፤ ይህ ምልክት የዝርዝሩን የመጀመሪያ ስም ከፍለጋ ይሰውራል። 225 በየሦስት ባይቱ ከተመላለሰ ንጹሕ የአማርኛ ዩቲኤፍ-8 ነው፤ በአማርኛው ቦታ 63 ከተደረደረ ግን ጽሑፉ ጠፍቷልና ሌላ ቅጂ ይፈለግ። በአሮጌ ዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት አማርኛው አራት ማዕዘን ሆኖ መታየቱ ብቻውን ማስረጃ አይደለም፤ መስኮቱ የግዕዝ ቅርጽ ስለሌለው እንጂ ባይቶቹ ደህና ሊሆኑ ይችላሉ።

አራተኛ፣ የመስመር ማብቂያው ይመረመራል። ከሁለት ዝርዝሮች አንዱ 13ን የያዘ፣ ሌላው ያልያዘ ከሆነ፣ አንድ ዓይነት ስሞች ሁሉ የተለያዩ ተብለው ይወጣሉ፤ ከማነጻጸር በፊት 13ን ከሁለቱም ማስወገድ ነው። በአንፃሩ 10ን ብቻ የያዘ ፋይል እስከ 2018 በነበረው ኖትፓድ ሲከፈት መስመሮቹ ሁሉ ተቀጣጥለው ይታያሉ፤ ይህም ጉዳት ሳይሆን የአከፋፈት ነገር ነው።

በመጨረሻም፣ ሒሳብ ሠራተኛ ገቢና ወጪን እንደሚያመሳክር ሁሉ፣ ከሥራው በፊትና በኋላ የመስመሮቹ ቁጥር ይቆጠራል። አንድ ሺህ ገብቶ መቶ ከወጣ፣ መሣሪያው ቅሬታ ቢያሰማም ባያሰማም፣ ሥራው አልተጠናቀቀም።

መደምደሚያ

የዊንዶውስ ኤክስፒ ድጋፍ በ2014፣ የዊንዶውስ 7 ደግሞ በ2020 ተቋርጧል። እነዚህን ኮምፒዩተሮች ከመረብ አርቆ መያዝና በጊዜው መተካት ተገቢ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን አዲስ ዕቃ በራሱ መድኃኒት አይሆንም፤ 13ና 10፣ የተገለበጠው ጭረትና የጥቅሱ ልዩነት ወደ አዲሱም ተሻግረዋል። በአሮጌው ላይ ታሪኩን ያልተማረ በአዲሱም ላይ ያንኑ ስህተት በበለጠ ፍጥነት ይሠራል።

ከሁሉም በላይ ሊታሰብ የሚገባው፣ በዝርዝሩ ውስጥ ያለው ባይት ብቻ አለመሆኑ ነው። «ሚካኤል» ከሚለው ስም በኋላ የተቆረጠው ዝርዝር ለመሣሪያው የተፈጸመ ሥራ ነው፤ በዝርዝሩ ላይ ስሟ መኖሩን ለማረጋገጥ ከቱላ ገበያ ጎራ ብላ ለመጣችው ሴት ግን የመሬት ማስረጃዋ ወይም የልጇ የትምህርት ቦታ ነው። «ስምሽ የለም» ብሎ ከመመለስ በፊት ስሟ የጠፋው የት ላይ እንደሆነ መርምሮ ማወቅ የባለሙያው ግዴታ ነው።